የብርብራህ ጥላና የባላምባራስ ቆርቆሮ

ይድረስ ለአባባዬ፣

ከተለያየን ወዲህ ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥርም አለፈና የካቲት ላይ ደርሰናል። «እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ለሞተ ሰው እንዲያ ይባላል ወይ ብዬ ግራ ገባኝ። ደብዳቤ መጻፍ ያስተማሩን መምህር መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል ብለውናል፤ ተቀባዩ የሞተ እንደሆነ ምን እንደሚደረግ ግን አልነገሩንም። ስለዚህ የራሴን ብቻ ልንገርህ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ብቻ ይሞቀኛል።

«አንተ» ማለቴንም አትቆጣ። በሕይወት ሳለህ አንቱ ነበር የምልህ። ኋላ ሳስበው እግዚአብሔርን እንኳ በጸሎት አንተ ነው የምንለው፤ አንተ ደግሞ ወደ እሱ ሄደሃል ይሉኛል። እሱን አንተ፣ አንተን አንቱ ብልህ እዚያ አጉል ላይ እንዳልጥልህ ፈርቼ ነው። ካልወደድከው በሕልሜ መጥተህ ንገረኝ። ጆሮ መቆንጠጡ ግን ይቅር።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። የስፌት መኪናህ እንደተሸፈነች ናት። አንዳንዴ ጨርቋን ገልጬ ድምፅዋን ለመስማት ብቻ ጎማዋን አንድ ጊዜ አዞራታለሁ። ወዲያው እማዬ ከጓዳ «ተያት!» ትለኛለች። ከዚያ በቀር ብዙ አትናገርም። ፀጉሯን ተላጭታ፣ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ፣ መስኮቱን ዘግታ ቤት ውስጥ ትውላለች። በዚህ በየካቲት የዲላ ፀሐይ! ለሾፌሮቹ ሱሪ ስትሰፋ «ጥቁር ጨርቅ ፀሐይ ይጠጣል፤ ሰውየው መንገድ ላይ ይበስላል» ትለኝ አልነበረም? ይህንኑ ለእማዬ ብነግራት «ሐዘን ነው» አለችኝ። ሐዘን የግድ መሞቅ አለበት ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «አፍሽን ያዢ» ተባልኩ። እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም።

አሁን ደጃፋችን ላይ ወዳለው ዛፍ፣ ወደ ብርብራህ ልምጣ። ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

አንተ ያረፍክ ዕለት ታች ሰፈርም ሰው ሞቶ ኖሮ፣ የእድሩ ብቸኛ ድንኳን እዚያ ተተክሎ ነበር። ሁለት ሰው በአንድ ቀን ይሞታል ብሎ ያሰበ የእድር ሽማግሌ የለም። ስለዚህ ለቀስተኛውን ፀሐይ እንዳይመታው ዳስ ይጣል ተባለ። የእድሩ ዳኛ ባላምባራስና የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩት ጋሽ ተካ መሐል ቆመው ተመካከሩ። ቅርንጫፍ ከየት ይምጣ? ሁለቱም ቀና አሉና ብርብራህን አዩት።

አባባ፣ የት ቆመው እንደነበር ልንገርህ? ብርብራው ጥላ ሥር ነው የቆሙት! ስለ ጥላ የሚመካከሩት ጥላ ውስጥ ቆመው ነው። ዓይኔ በልቅሶ ያበጠ ቢሆንም ይህን አይቻለሁ። መጥረቢያ መጣ። ከላያቸው ያለውን ቅርንጫፍ አስቆረጡትና ፀሐይ ላይ ቀሩ። ከዚያ ቅርንጫፉን በምሰሶ ላይ አስጣሉና ላባቸውን እየጠረጉ «እሰይ፣ ጥላ ሆነ» ተባባሉ። በነጋታው ቅጠሉ ጠወለገ። በሦስተኛው ቀን ይረግፍ ጀመር፤ ሴቶቹ ከነጠላቸው ላይ ደረቅ ቅጠል እያራገፉ ነው ያለቀሱልህ።

ሳቄ መጣ። ከሞትክ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። አብረን እንድንስቅበት አንተን ፍለጋ ዞር አልኩ። መሞትህ በደንብ የገባኝ ያን ጊዜ ነው መሰለኝ። ሬሳህን ሳይ እንኳ እንዲያ አልገባኝም ነበር። ሰው እየሳቀ ሐዘን ይገባዋል ወይ? ይህንንም የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ብርብራው የመጣበትን ታሪክ አንተ ነህ ደኅና አድርገህ የምታውቀው፤ እኛ ዘንድ ግን እንዴት እንደተበላሸ ልንገርህ። ስትነግረኝ፣ ከወሎ ደጋ ወጥተህ ዲላ ስትደርስ ሙቀቱ እንደ ድንች ሊቀቅልህ ደረሰ፤ ጥላ አምሮህ ባሕር ዛፍ ተከልክ። እንደ አገርህ! አጎቴ በራሶ ይህን ሲያወራ እስከ ዛሬ በሳቅ እንባው ይፈሳል። የእማዬ ወንድም መሆኑን ረስቶ እንደ ባዕድ ነው የሚስቅብህ። «ዛፉ ሽቅብ ሄደ» ይላል፣ «ሄደ፣ ሄደ፤ ጥላው ጎረቤት ግቢ ወደቀ። አባትሽ ወንበር ይዞ ጥላውን ፍለጋ ሰው ግቢ ገባ። እዚያም ሲደርስ ጥላው እንደ ወንፊት ነው፤ ፀሐይዋ በቀዳዳ ታየዋለች!» ከዚያ ከቡና ማሳው የብርብራ ችግኝ እንዳመጣልህ ይናገራል። «ቡና እንኳ ያለ ብርብራ ይቃጠላል፤ ደገኛ ከቡና ይጠነክራል እንዴ?» ብሎህ እንደነበር ይምላል።

ባላምባራስ ደግሞ ብርብራ ትከል ብለው የመከሩህ እሳቸው እንደሆኑ ይናገራሉ። ጋሽ ተካ ጉድጓዱ ሲቆፈር «በቦታው ነበርኩ» ይላሉ፤ ምስክር እንደሚሰጥ ሰው እጃቸውን አንስተው። እማዬ ድሮ ድሮ «ውኃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ» ትል ነበር። ሁሉም ተከሉት፤ ሁሉም ደግሞ ሊቆርጡት ፈለጉ። አንተ ብቻ ተከልኩት ስትል ሰምቼህ አላውቅም። ምን ልበል?

የጥላው ዙር ትዝ ይልሃል? ጠዋት ጥላው ከግንዱ በስተ ምዕራብ ይተኛል፤ ባላምባራስ እዚያ ድንጋያቸው ላይ ይሰየማሉ። ከሰዓት ጥላው ዞሮ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ቡና ተሸካሚዎቹ ጎናቸውን የሚያሳርፉበት ነው። ባላምባራስ ከተሸካሚ ጋር አይቀመጡም። ጥላው ነው ወደ እሳቸው መመለስ የነበረበት፤ እሱ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ተሸካሚዎቹ በብርድ ልብስ የሚያሰኝ ጥላ ውስጥ ሲያንኮራፉ፣ ባላምባራስ በክብር ፀሐይ ላይ ይቀቀሉ ነበር። አንተ ግን ክብር የሚባል ነገር አልነበረህም፤ ይቅርታ፣ በደግ ነው ያልኩት። መኪናህን ከነጠረጴዛዋ እየጎተትክ ከጥላው ጋር ትዞራለህ፤ እኔ ወንበሩን ይዤ እከተልሃለሁ። የሰፈሩ ሴቶች አንተን አይተው ነበር ምሳ የሚያቀርቡት። «ሰፊው ግንዱ ሥር ገብቷል፤ ስድስት ሰዓት ሆኗል» ይሉ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ግልጽ ነው። አንተ ጥላ ወዳጅ ነህ ብዬ ነበር የማውቀው። ከዚህ በኋላ ያለው ነው የሚያደናግረኝ።

በመጨረሻው ሳምንት ትኩሳቱ ይዞህ ስትንቀጠቀጥ «አውጡኝ፤ ፀሐይ ላይ አውጡኝ» አልክ። ዕድሜህን ሙሉ ከፀሐይ ስትሸሽ የኖርክ ሰው! እኔና እማዬ አልጋህን ጎትተን አወጣንህ። ብርብራው ያኔ ገና አልተቆረጠም፤ ደጃፉን ሁሉ ሸፍኖታል። ፀሐይ ላይ ስናስተኛህ ጥላው እየተከተለ መጣ። አልጋውን ገፋነው፤ ጥላው መጣ። ደግሞ ገፋነው፤ አጥሩ ጋ ደረስንና አበቃ። እማዬ ያን ጊዜ ዛፉን ያየችበትን ዓይን ብታይ! የገዛ ጠላቷን ነበር የምታየው። ከዚያ ወዲያ «የዛፉ ብርድ ነው የጨረሰው» የሚለውን ሐሳቧን ማንም አላስለቀቃትም።

እና አንተ በምን እንደሞትክ እስከ ዛሬ ስምምነት የለም። ማለቴ አንተ ሳታውቀው አትቀርም፤ እኛ ነን ያልተስማማነው። የክሊኒኩ ድሬሰር ወባ ነው አለ። እማዬ ብርድ ነው ትላለች፤ ጥላ ሥር እየዋለ ብርድ አጥንቱ ገባ። ባላምባራስ ምች ነው ይላሉ፤ ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲወጣ ምች መታው። ጋሽ ተካ እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ምችና ብርድ በአንድነት» ብለው ፈረዱ። ድሬሰሩን ማንም አልሰማውም፤ ልጅ እግር ነው፣ ጢም የለውም። እኔም ከማን ጋር እንደምሆን አላወቅሁም። ምች ከሆነ ጥላ አነሰህ ማለት ነው። ብርድ ከሆነ ጥላ በዛብህ። ለአንድ ሰው ጥላ እንዴት በአንድ ጊዜ ያንሰዋልም ይበዛበታልም?

ጥር ሊያልቅ ሲል እድሩ ደጃፋችን ተሰበሰበ። ባላምባራስ ተነሥተው ስምህን የሚያስጠራ ነገር ይሠራ አሉ። አዲስ ካሠሩት የቡና መጋዘን የተረፈ ቆርቆሮ አላቸው፤ እሱን ሰጡ። ብርብራው ይቆረጥና በቦታው ባለ አራት ምሰሶ የቆርቆሮ ጥላ ይቁም፤ «የሰፊው ጥላ» ተብሎ ይጠራ ተባለ። ተሰብሳቢው አጨበጨበ። «ቅጠል ይረግፋል» አሉ ባላምባራስ፣ «ወፍ ያቆሽሸዋል። ቆርቆሮ ግን ንጹሕ ነው፤ ሥልጣኔ ነው።» ጋሽ ተካ አከሉበት፦ «ቆርቆሮ ብርድ የለውም። ፀሐይም አያስገባም። ምችም ብርድም ቀረ ማለት ነው!» እማዬ ከበሩ ኋላ ሆና «ይሁን፤ ይቆረጥ» አለች። በፍቅር ነው ያደረጉት አባባ፤ ይህን አልክድባቸውም። ባላምባራስ ስምህን የጠሩት ባርኔጣቸውን አውልቀው ነው።

የተቃወምኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔን ደግሞ የጠየቀኝ የለም።

ለምን እንደተቃወምኩም ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም። ምክንያቱም አንተ ቆርቆሮ ትወድ ነበር። የጭነት መኪና ቆርቆሮ ጭኖ በአስፋልቱ ሲያልፍ መቀስህን አስቀምጠህ እስኪጠፋ ታየው ነበር። «ይህ ሣር ቤት አንድ ቀን ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ዝናብ ሲመታው ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል» ትለን ነበር። ታዲያ እኔ ብርብራውን የምጠብቀው ለማን ነው? ለአንተ እንዳልል ምኞትህ ቆርቆሮ ነው። ለእማዬ እንዳልል እሷ ዛፉን ማየት አትፈልግም። ለራሴ እንዳልል ደግሞ እኔ ትምህርት ቤት ነው የምውለው። ግን ሳስበው እማዬን ከዚያ ከተዘጋ ቤት አውጥቶ አየር የሚያስተነፍስ ከብርብራው ጥላ ሌላ ቦታ ደጃፋችን ላይ የለም። እሱም ከሄደ እስከ ዓመቱ እዚያው ጥቁሯን ለብሳ ስትበስል ልትከርም ነው። ይህን ደግሞ ለሽማግሌ ብነግር «ሐዘንተኛ ደጅ አይቀመጥም» ነው የምባለው።

ስለዚህ ያለችኝን አንዲት መሣሪያ አወጣሁ፤ ምላሴን። ባላምባራስ ቤት ሄጄ እጅ ነሥቼ፣ «ባላምባራስ፣ ዛፉ መጀመሪያ ከተቆረጠ ሰው የቆርቆሮዎን ብልጫ በምን ያውቀዋል? ጎን ለጎን ቆመው ይታዩና ሕዝቡ ያመስግንዎት፤ ከዚያ ይቆረጣል» አልኳቸው። ባላምባራስ ጺማቸውን ዳሰሱ። «ይህች ልጅ አስተዋይ ናት» አሉ ለሚስታቸው። ከዚያ ቀን በፊት ስሜ «ያቺ ምላሳም» ነበር። ሰው ሲወደስ እንዲህ በቀላሉ እንደሚመራ ባውቅ ኖሮ በአንተም ላይ እሠራበት ነበር።

ቆርቆሮው ከብርብራው ጎን ቆመ። በእውነት ያምራል፤ ከሩቅ እንደ መስታወት ያበራል። ቅዳሜ ልክ እኩለ ቀን ሲሆን ሽማግሌዎቹ ነጫጭ ለብሰው መጡ፤ ተመረቀ፤ ተቀመጡበት። ዛፉን የሚቆርጠው ሰውዬም መጥረቢያውን ይዞ መጥቷል። ተራው እስኪደርስ የት ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ብርብራው ሥር። ከተረፉት ጥቂት ቅርንጫፎች በታች ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው። ከሁሉም ብልጥ እሱ ነበር።

«ነፋሻ ነው» አሉ ባላምባራስ እንደተቀመጡ።

«እጅግ ነፋሻ ነው» አሉ ጋሽ ተካ።

ነፋስ የሚባል አልነበረም አባባ! ቆርቆሮው ከላይ እንደ ምጣድ ነዷል፤ ሙቀቱ በአናታቸው ይወርዳል። ጥቂት ቆይቶ የጋሽ ተካ ባርኔጣ ጠርዝ በላብ ረጠበ። ያቀረብኩላቸውን ውኃ ቀመሱና አስቀመጡት፤ ሞቆ ነበር። መነሣት ግን አይሆንም፤ ቀድሞ የተነሣ ሞቀኝ ማለቱ ነው። ሥልጣኔ ሞቀኝ የሚል ማን ነው? «ይህ ላብ» አሉ ጋሽ ተካ፣ «ከትናንት የተረፈ ጉንፋን ነው።» ፀሐይ ዘንበል ስትል በጎን ገባችባቸው። ባላምባራስ ጃንጥላቸውን ዘርግተው በጎናቸው እንደ ጋሻ ያዙት። ጣሪያ ሥር ጃንጥላ! አፌን በነጠላዬ ይዤ ሮጥኩ፤ ካልሆነ እፈነዳ ነበር።

የፈነዳው ግን ሌላ ነው። በበጋ የብርብራው ፍሬ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ እንደሚፈነጠር ታውቃለህ። አንዱ ቷ! ብሎ ፈንድቶ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሌላው። በጣሊያን ጊዜ አርበኛ ነበርኩ የሚሉት ባላምባራስ እንደ ወጣት ዘለው መሬት ለመሬት ሆኑ። ተነሥተው አቧራቸውን ሲያራግፉ «ከዘራዬ ወድቆ ነው» አሉ። ከዘራው እጃቸው ላይ ነበር።

ሳቁ እዚህ ላይ ያበቃል።

እማዬ ለእነሱ ምግብ ስታዘጋጅ ከጠዋት ጀምሮ ምድጃ ፊት ነበረች፤ ያንኑ ጥቁሯን ለብሳ፣ መስኮቱን ዘግታ። ሳህን ይዛ በሩ ላይ ብቅ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። በአንድ እጇ መቃኑን ያዘች፤ ሳህኑ ከሌላው እጇ ወደቀ፤ ከዚያ ራሷ ተንሸራትታ ወረደች። አባባ፣ የአንተን አልጋ የገፋንበት ቀን በዓይኔ ላይ መጣ። ሁለታችሁንም ላጣ ነው ብዬ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። «ምች ነው!» «አይደለም፤ ብርድ ነው!» «ወደ ቤት አስገቧት!» «ወደ ቆርቆሮው አምጧት፤ ወደ ጥላው!» ከቆርቆሮው በኩል የሚመጣው ሙቀት ፊቴን ገረፈው። ቤቱ ደግሞ እሳት ነው። አላሰብኩም፤ ብርድም ምችም ትዝ አላለኝም። መጥረቢያ ያዡን «ተነሥ!» ብዬ ቀሰቀስኩትና እሱ በትከሻዋ፣ እኔ በእግሯ ይዘን ብርብራው ሥር አስተኛናት። ጥቁሩን ሻሽ ከራሷ ላይ ገፈፍኩት። በሰው ፊት! ከተላጨው ራሷ ላብ ይንቆረቆር ነበር። ያ ሁሉ ሽማግሌ ፊቱን አዞረ። ሮጦ የመጣው አጎቴ በራሶ የእንሰት ቅጠል ቀጥፎ እፍ እፍ ያደርግላት ጀመር፤ «እህቴ፣ ቀስ በይ፤ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» ይላታል።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። በቅጠሎቹ መሐል የሚገባው ብርሃን ፊቷ ላይ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ትንፋሿ ተመለሰ። ዓይኗን ገልጣ ወደ ላይ አየች፤ ቅርንጫፎቹን፣ ከተቆረጠው ላይ አዲስ የሚያቆጠቁጠውን ቅጠል። ትኩር ብላ አየችው። እንደገና ጠላቷን የምታይ መሰለኝ፤ «ከዚህ አንሡኝ» ብላ ልትጮህብኝ ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን ተደግፋ ተነሥታ ጀርባዋን ግንዱ ላይ ጣለች። ሻሿን ብሰጣት ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ አላሰረችውም።

ባላምባራስ መጥተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ፤ በዚያ በተሸካሚዎቹ በኩል ነው። «ምን ይሻላል ልጄ?» አሏት፤ አሁን እንደ ዳኛ አይደለም፤ እንደ ሽማግሌ አባት ነው። እማዬ ዝግ ብላ፣ «ባላምባራስ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ቆርቆሮው የወጥ ቤቴ ጣሪያ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል። ሣሩ በስብሶ ዝናብ ያፈሳል» አለች። ስለ ዛፉ አንዲት ቃል አልወጣትም። ባላምባራስ ቀና ብለው ዛፉን አዩ፤ ቆርቆሮውን አዩ፤ ከዚያ «እንዳልሽ ይሁን» አሉ። መጥረቢያ ያዡ ሥራ እንደቀረ ሲሰማ ተመልሶ ጋደም አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ ከሰዓት ከሰዓት ጥጧንና እንዝርቷን ይዛ ትወጣለች። የሰፈሩ ሴቶች ያሟት ነበር፤ «ዓመቱ ሳይሞላ ደጅ ተቀመጠች» ብለው። ኋላ እነሱም እንዝርታቸውን ይዘው መጡ፤ ሐሜቱም እሷ አጠገብ ሆነ፤ ያው ቀዝቀዝ ይላል። ወጥ ቤታችን ቆርቆሮ ለብሷል። ባላምባራስ ሲያልፉ ቀና ብለው ያዩታል፤ ስምህ የተጻፈበት ያህል ነው። ዝናብ ገና አልዘነበበትም። ሲዘንብ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ እንደሆነ አይቼ እነግርሃለሁ፤ መስሚያው ያለህ ከሆነ ራስህ ትሰማዋለህ።

ትናንት ግንዱ ሥር አብረን ተቀምጠን ጠየቅኋት። «እማዬ፣ አባባን የገደለው የዚህ ዛፍ ብርድ አልነበረም?» አልኳት። እንዝርቷን አቆመች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠይቅ ወይ ቁንጥጫ ወይ «አፍሽን ያዢ» ነበር የለመድኩት። እሷ ግን የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ጠባሳ እያየች «አላውቅም» አለችኝ። ከዚያ መፍተሏን ቀጠለች።

አባባ፣ ትልቅ ሰው «አላውቅም» ሲል ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ባላምባራስ ሁሉን ያውቃሉ፤ ጋሽ ተካ የማያውቁትንም ያውቃሉ። ስለዚህ ደነገጥኩ። ደስ አለኝም፤ ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሆኑ አትጠይቀኝ።

ፀሐይ ላይ አውጡኝ ያልከው ስለበረደህ ብቻ ነበር ወይስ ጥላው ሰልችቶህ? ቆርቆሮውንስ ከምርህ ነው የተመኘኸው ወይስ ሲያበራ ደስ ስለሚል? እኔም አላውቅም። ሰዎቹ ግን አሁን እያንዳንዳቸው በአንድ መልክ ብቻ ነው የሚያወሩህ። ባላምባራስ «ሥልጣኔ ወዳድ ነበር» ይሉሃል፤ አጎቴ በራሶ ባሕር ዛፍ ተክሎ ሰው ግቢ የገባ ደገኛ ያደርግሃል። ደጋግመው ሲያወሩት የእኔ አባባ እየጠፋ የእነሱ አባባ እንዳይቀር እፈራለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ቃል እገባልሃለሁ። አንዱ «አባትሽ እኮ እንዲህ ያለ ሰው ነበር» ብሎ ሲጀምር አፌን አልይዝም፤ እንደምታውቀው አልችልበትም። የረሱትን ጎን እየጨመርኩ ወሬያቸውን አበላሽባቸዋለሁ፤ ጥላ ወዳጅ ሲሉህ ፀሐይ የለመንክበትን፣ ቆርቆሮ ወዳጅ ሲሉህ መኪናህን እየጎተትክ ከቅጠል ጋር የዞርክበትን። ሳረጅና ጥርሴ ሲያልቅ እንኳ፣ ማንም አንተን ቀላል ሰው አድርጎ እንዲጨርስህ አልፈቅድለትም።

ምላሳሟ ልጅህ፣
ትርንጎ